ነጻ ወጥቶ የተመለሰው ሚስዮናዊ

ከገንዳ ውሃ ወደ መተማ ስትወርዱ የምታስቡት በ1889 እ.ኤ.አ. በዚያ የወደቁትን አጼ ዮሐንስን ነው። እስቲ ዛሬ ደግሞ የዚያው ዘመን ሰው የሆነውን፣ ስሙ ከዚሁ ከጎንደር ምድር ጋር የተያያዘውን ማርቲን ፍላድን አስቡት።

ፍላድ በ1831 በጀርመን ተወለደ። በ1855 ከክራፕፍ ጋር ወደ አገራችን መጣ፤ ቆይቶም ለቤተ እስራኤል ወንጌልን ሰበከ። በ1863 አጼ ቴዎድሮስ ሽተርንንና ሮዘንታልን የተባሉትን የአገልግሎት ወንድሞቹን አሰሩ። በ1866 ንጉሡ የእጅ ባለሙያዎችና መሣሪያ እንዲያመጣ ፍላድን ወደ እንግሊዝ ላኩት። ሚስቱ ፓውሊነና ልጆቻቸው ግን በመያዣነት ቀሩ።

ለንደን ደረሰ፤ ነጻ ሰው ሆነ። ባለሙያዎቹም ተገኙ፤ ነገር ግን የእንግሊዝ መንግሥት እስረኞቹ ሳይፈቱ ከምጽዋ አያልፉም አለ። እንግዲህ ፍላድ የሚመለሰው ባዶ እጁን ነው፣ የሚቆመውም በተቆጣ ንጉሥ ፊት ነው! ለቤተ ሰቡ ሲል ነው ትሉ ይሆናል። አዎ፣ እርሱም አለበት። ሆኖም የታሰሩትን ወንድሞች ጉዳይ ይዞ በአውሮፓ የተሟገተው፣ ምላሹንም በገዛ አፉ ሊናገር የመጣው እርሱ ነበር። እኛስ ወንድማችን ሲታሰር ስንት ጊዜ ከሩቅ ሆነን እንጸልያለን ብለን ዝም አልን?

በ1867 በንጉሡ ፊት ቀረበ። መቅደላ በሚያዝያ 1868 እስክትወድቅ ድረስም ከእስረኞቹ ጋር ቆየ።

ከዚያ በኋላ ኑሮው በጀርመን ሆነ። ያሳደገው ሚካኤል አረጋዊ ግን ወደ ኢትዮጵያ ተመልሶ ከቤተ እስራኤል ያመኑትን አገለገለ። ፍላድም እስከ እርጅናው ድረስ ለእነዚህ አማኞች ከመጻፍና እርዳታ ከመሰብሰብ አልቦዘነም። በ1915 አረፈ።