ሊቁ ሄሮኒሞስና የወንጌል መጻሕፍት እርማት

ቅዱስ ወንጌል ከወንጌላውያን እጅ ወጥቶ እስከ እኛ የደረሰው በጸሐፊዎች ድካም ነው። ማተሚያ ከመሠራቱ አስቀድሞ ከ1,300 ዓመት በላይ የተባዛው በብርዕና በቀለም ነበረ። ብራና ፍቆ፣ ቀለም በጥብጦ መጽሐፍ የጻፈ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ጸሐፊ ምንም ቢጠነቀቅ ዓይኑ መስመር ይዘላል፤ እጁም ቃል ይደግማል። አንዳንድ ጊዜም በኅዳግ የተጻፈውን ማስታወሻ የመጽሐፉ ቃል መስሎት ወደ ውስጥ ያገባዋል። እንግዲህ በመጻሕፍት መካከል እንዲህ ያለ ልዩነት በተገኘ ጊዜ የቤተ ክርስቲያን መምህር ምን ማድረግ ይገባዋል? ምእመናን እንዳይሰናከሉ ብሎ ይሸሽገው? ወይስ አዲስ ነገር አገኘሁ ብሎ የተጠራጠረውን ሁሉ ይፋቀው? ለዚህ ጥያቄ በቃል ብቻ ሳይሆን በሕይወቱ መልስ የሰጠ አንድ ሊቅ አለ፤ እርሱም ምዕራባውያን ጄሮም የሚሉት ሄሮኒሞስ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚነገሩት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።

ሄሮኒሞስ በ347 ዓ.ም. ገደማ በድልማጥያ ወሰን ስትሪዶን በምትባል ከተማ ከክርስቲያን ወላጆች ተወለደ። ገና ወጣት ሳለ ለትምህርት ወደ ሮም ተላከና ዶናቶስ ከተባለው ስመ ጥር መምህር ሰዋስው ተማረ። በዚያም ተጠመቀ። የላቲን ጠቢባንን መጻሕፍት፣ ይልቁንም የኪኬሮን ድርሰት፣ እጅግ ይወድ ስለ ነበረ፣ መጻሕፍትን በብዙ ድካም ሰብስቦ የራሱን ቤተ መጻሕፍት አደራጀ፤ በሄደበትም ሁሉ ከእርሱ አልለያቸውም።

በ373 ዓ.ም. ገደማ ወደ ምሥራቅ ተጓዘና አንጾኪያ ደረሰ። በዚያም ጽኑ ሕመም ታሞ ሳለ በሕልሙ ከዳኛው ዙፋን ፊት ቆሞ ራሱን አየ። ማንነቱን በተጠየቀ ጊዜ ክርስቲያን ነኝ ብሎ ቢመልስም፣ የክርስቶስ ሳይሆን የኪኬሮ ደቀ መዝሙር ነህ ተብሎ እንደ ተገረፈ እርሱ ራሱ ኋላ ጽፎታል። ከዚህ በኋላ በሶርያ ወዳለው ወደ ከልቂስ በረሓ ገብቶ በጾምና በጸሎት ተወሰነ። በበረሓም ሳለ ሐሳቡ ወደ ዓለም ቢመለስበት፣ ልቡናውን የሚያስርበት ከባድ ሥራ ፈለገ፤ ክርስቲያን ከሆነ ከአንድ አይሁዳዊ ዘንድም የዕብራይስጥን ቋንቋ ይማር ጀመር። በላቲን ንግግር ጣፋጭነት ላደገ ሰው ይህ ትምህርት መራራ ነበረ። ብዙ ጊዜ ተስፋ ቈርጦ እየተወው፣ ደግሞም እየጀመረው በመጨረሻ ተማረው። የኋላ ሥራው ሁሉ የዚህ መራራ ዘር ፍሬ ነው።

ከበረሓ ተመልሶ በአንጾኪያ ቅስና ተቀበለ፤ ወደ ቍስጥንጥንያም ሄዶ በነባቤ መለኮት በጎርጎርዮስ እግር ሥር ተቀምጦ የመጻሕፍትን ትርጓሜ ተማረ። በ382 ዓ.ም. ወደ ሮም በተመለሰ ጊዜ የከተማይቱ ኤጲስ ቆጶስ ዳማሶስ እውቀቱን ተመልክቶ ረዳትና ጸሐፊ አደረገው። ታላቁንም ሥራ የሰጠው እርሱ ነው፤ ይኸውም የላቲኑን ወንጌል እንዲያርም ነበረ።

በዚያን ጊዜ ላቲን በሚናገሩ አብያተ ክርስቲያናት ወንጌል የሚነበበው በልዩ ልዩ ሰዎች በልዩ ልዩ ጊዜ ከተተረጐሙ መጻሕፍት ነበረ። ከተርጓሚዎቹ አንዳንዱ ቋንቋውን በሚገባ አያውቅም፤ ከአራሚዎቹም አንዳንዱ ሳያስተውል ደፋር ነበረ፤ ከገልባጮቹም የሚያንቀላፋ አልታጣም። ከዚህ የተነሣ ሄሮኒሞስ የመጽሐፉ ቍጥር ያህል የንባብ ልዩነት አለ እስከ ማለት ደረሰ።

ከስሕተቶቹም አንዱን ዓይነት ለይቶ አመለከተ። ጸሐፊው አስቀድሞ አንዱን ወንጌል አንብቦ በልቡ ከያዘ በኋላ፣ ሌላው ወንጌላዊ ያንኑ ታሪክ አሳጥሮ ተናግሮት ሲያገኘው የጐደለ ይመስለዋል፤ ከማቴዎስ ወስዶም በማርቆስ፣ ከሉቃስ ወስዶም በማቴዎስ ይጨምራል። በዚህ ምክንያት የአራቱ ወንጌላውያን ቃል እርስ በርሱ ተቀላቅሎ የማን ንግግር የማን እንደ ሆነ መለየት አስቸጋሪ ሆኖ ነበረ። ልብ እንበል፤ ይህን ያደረጉት መናፍቃን አይደሉም። ቅዱስ መጽሐፍን የሚወዱ፣ ነገር ግን ፍቅራቸው ከጥንቃቄያቸው የበለጠ ሰዎች ናቸው።

ሄሮኒሞስ የተሰጠው ሥራ የሚያመጣበትን ነቀፋ አስቀድሞ ዐውቆ ነበረ። ከሕፃንነቱ ጀምሮ የለመደው ንባብ ተለውጦ ያገኘ ሰው ሁሉ፣ የተማረውም ያልተማረውም፣ ቅዱስ መጽሐፍን የደፈረ ሐሰተኛ እንደሚለው ለዳማሶስ ጻፈለት። ቢሆንም ሥራውን አልተወም። ጥንታውያን የግሪክ መጻሕፍትን አቅርቦ የላቲኑን ከምንጩ ጋር አስተያየ፤ ትርጓሜውን የሚለውጠውን ስሕተት ብቻ አርሞ፣ የቀረውን ሕዝቡ እንደ ለመደው ተወው። ማቴዎስ፣ ዮሐንስ፣ ሉቃስ፣ ማርቆስ ተብሎ ይጻፍ የነበረውንም የላቲን ቅደም ተከተል ትቶ እንደ ግሪኩ ማቴዎስ፣ ማርቆስ፣ ሉቃስ፣ ዮሐንስ ብሎ አቀና።

ከወንጌሉም መግቢያ የአውሳብዮስ ዘቂሳርያን ዐሥሩን ቀመር አኖረ። ይህ ቀመር አራቱ ወንጌላውያን በአንድነት የተናገሩትንና እያንዳንዱ ለብቻው የተናገረውን በቍጥር ለይቶ የሚያሳይ ስለሆነ፣ ከአንዱ ወንጌል ወደ ሌላው የገባውን ጭማሪ ለመለየት ይረዳል። ይኸው ቀመር በዐድዋ አጠገብ በአባ ገሪማ ገዳም በሚጠበቁት ጥንታውያን የግዕዝ ወንጌሎች መጀመሪያ በአማረ ሐረግ ተስሎ ይገኛል። ሄሮኒሞስ ለላቲን ያኖረውን መጠበቂያ የእኛም አባቶች ለግዕዙ አኑረውታል ማለት ነው።

የታረመው ወንጌል በ384 ዓ.ም. ለዳማሶስ ቀረበ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ግን ዳማሶስ ዐረፈ፤ የፈራውም ነቀፋ መጣ። እውነቱን ለመናገር፣ ሄሮኒሞስ አንደበቱ ስለታም፣ ቍጣው ፈጣን ስለ ነበረ፣ የሮምን ካህናት አኗኗር በመንቀፉ ጠላት አብዝቶ ነበረ። የልጅነት ወዳጁ ከነበረው ከሩፊኖስ ጋር እንኳ ኋላ በአርጌንስ ትምህርት ምክንያት ተጣልቶ በጽሑፍ ተሰዳድቧል። ይህ የሰውነቱ ድካም ነውና አንሸሽገውም፤ እርሱም የመጻሕፍትን ጕድለት አልሸሸገም።

በ385 ዓ.ም. ሮምን ትቶ ወጣ። ጳውላ የተባለች ከታላቅ ወገን የተወለደች መበለትና ልጅዋ አውስጦክዩምም ተከተሉት። ኢየሩሳሌምን ተሳለሙ፤ ግብፅ ወርደው የገዳማውያንን ኑሮ ተመለከቱ፤ ሄሮኒሞስም በእስክንድርያ ከዓይነ ስውሩ ሊቅ ከዲዲሞስ ትምህርት ሰማ። በ386 ዓ.ም. በቤተ ልሔም ተቀመጡና በጳውላ ገንዘብ የወንዶችና የሴቶች ገዳማት፣ የእንግዶችም ማረፊያ ተሠራ። ሄሮኒሞስ በዚያ ቀሪ ዘመኑን ብሉይ ኪዳንን ከዕብራይስጥ ወደ ላቲን በመተርጐም አሳለፈ።

ነቀፋው ግን ባሕር ተሻግሮ ተከተለው። በሰሜን አፍሪቃ በምትገኝ በአንዲት ከተማ ትንቢተ ዮናስ በአዲሱ ትርጓሜ ሲነበብ፣ በቀድሞው ንባብ ቅል የተባለችው የዮናስ ተክል በሌላ ስም ስለ ተጠራች ሕዝቡ ታወከ፤ ኤጲስ ቆጶሱም ያለ መንጋ ሊቀር ደርሶ ነበረ። ይህን ለሄሮኒሞስ የጻፈለት ሊቁ አውግስጢኖስ ነው፤ የምእመናን ሰላም እንዳይፈርስ ፈርቶ ነበረ። የአውግስጢኖስ ፍርሃት የእረኛ ፍርሃት ነው፤ የሄሮኒሞስ ትጋትም የመምህር ትጋት ነው፤ ለቤተ ክርስቲያን ሁለቱም ያስፈልጓታል።

በቤተ ልሔም ሳለ ሄዲብያ የተባለች የጋልያ ሴት ስለ ጌታ ትንሣኤ ሰዓት ማቴዎስና ማርቆስ የተለያየ የተናገሩ መስሎአት ጠየቀችው። እርሱም ሁለት መንገድ እንዳለ ጻፈላት። አንደኛው፣ የማርቆስ የመጨረሻ ክፍል በጥቂት መጻሕፍት ብቻ የሚገኝና በግሪክ መጻሕፍት ሁሉ ለማለት እስኪቻል ድረስ የሌለ ስለሆነ፣ ለክርክር ምስክር አድርጎ አለመጥራት ነው። ሁለተኛው ግን ቃሉን ተቀብሎ፣ ንባቡን በአግባቡ ከፍሎ ከማቴዎስ ጋር ማስማማት ነው። በዚህም የአውሳብዮስን ቃል ተከትሎ ነበረ።

ይህ ክፍል ከ16ኛው ምዕራፍ ከ9ኛው እስከ 20ኛው ቍጥር ያለው ነው። በሄሮኒሞስ መቶ ዓመት ከተጻፉት የግሪክ ብራናዎች እስከ ዛሬ የደረሱት ሁለቱ ታላላቆች፣ በቫቲካን የሚገኘውና በ19ኛው መቶ ዓመት በደብረ ሲና ገዳም የተገኘው፣ የማርቆስን ወንጌል በ8ኛው ቍጥር ይፈጽማሉ። በሌላ ወገን ደግሞ ከእነዚህ ብራናዎች ከመቶ ዓመት በላይ ቀድሞ፣ በ180 ዓ.ም. ገደማ፣ ሄሬኔዎስ ከዚሁ ክፍል የጌታን ዕርገት የሚናገረውን ቃል የማርቆስ ነው ብሎ ጠቅሶታል። ከግዕዝ ወንጌሎቻችንም ብዙዎቹ ከ8ኛው ቍጥር በኋላ አንድ አጭር መደምደሚያ ጽፈው ረጅሙን ያስከትላሉ። ገልባጮቹ ሁለቱንም አግኝተው አንዱን ለመጣል አልደፈሩም።

ሄሮኒሞስስ ምን አደረገ? ለሄዲብያ እንዲያ ከጻፈ በኋላም ይህን ክፍል ከወንጌሉ አላወጣውም። እንዲያውም በ415 ዓ.ም. በፔላግዮስ ተከታዮች ላይ በጻፈው መጽሐፍ፣ በአንዳንድ የግሪክ መጻሕፍት በዚሁ ክፍል ውስጥ ሐዋርያት ስለ አለማመናቸው ለጌታ የመለሱት አንድ ተጨማሪ ቃል እንዳለ መሰከረ። ይህ ጭማሪ ከእርሱ ምስክርነት በቀር ለ1,500 ዓመት ያህል በየትም አልታወቀም ነበረ። በ1906 ዓ.ም. ግን በግብፅ አንድ ጥንታዊ የግሪክ ወንጌል ተገዝቶ ወደ ዋሽንግተን ተወሰደ፤ ጭማሪውም በውስጡ ተገኘ። ያልተቀበለውን እንኳ በታማኝነት መዝግቦ ስላቈየ፣ የነገሩ እውነት ከብዙ ዘመን በኋላ ተገለጠለት።

በምንዝር የተያዘችውን ሴት ታሪክም እንዲሁ ነው። በ3ኛው መቶ ዓመት ገደማ እንደ ተጻፉ በሚነገርላቸው በፓፒሩስ የዮሐንስ ወንጌሎችና ከላይ በጠቀስናቸው ሁለት ብራናዎች ይህ ታሪክ የለም። ሄሮኒሞስ ግን በዘመኑ በብዙ የግሪክና የላቲን መጻሕፍት እንደሚገኝ መስክሮ በወንጌሉ ውስጥ ጠበቀው። በአንጻሩ በአቡነ ዘበሰማያት ፍጻሜ የምንጸልየውን የመንግሥትና የኃይል ምስጋና በማቴዎስ ወንጌል አልጻፈውም፤ በላቲኑም በጥንታውያኑ የግሪክ ምስክሮችም ስለሌለ ነው። ምስጋናው ግን በጸሎት ጥንታዊ ነው፤ ዲዳኬ በተባለው የመጀመሪያ ዘመን መጽሐፍ ከዚሁ ጸሎት ጋር ተጽፎ ይገኛልና።

ጭማሪን ሲለይ የኖረው ሄሮኒሞስ ከሞተ በኋላ በእርሱም ስም ተጨመረበት። በ1ኛ ዮሐንስ መልእክት 5ኛ ምዕራፍ ስለ ሦስቱ የሰማይ ምስክሮች የሚናገረውን ቃል ተርጓሚዎች አጐደሉ ብሎ የሚከስ አንድ መቅድም በስሙ ተጽፎ ተገኘ። መቅድሙ በ546 ዓ.ም. ገደማ በተጻፈ የላቲን መጽሐፍ ውስጥ አለ፤ የሚያስደንቀው ግን በዚያው መጽሐፍ በመልእክቱ ውስጥ ቃሉ የለም። የሥላሴ ሃይማኖት በዚህ አንድ ቍጥር ላይ የቆመ አይደለም። ጌታ በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም አጥምቁ ብሎ ያዘዘው ትእዛዝ አለ፤ የዮርዳኖስም ምስክርነት አለ። እውነት በሐሰት ስም መደገፍ አያሻትም።

የሄሮኒሞስ እርጅና በኀዘን የተመላ ነበረ። በ404 ዓ.ም. ጳውላ ዐረፈች፤ በ410 ዓ.ም. ሮም በጎታውያን እጅ ወድቃ ስደተኞች ወደ ቤተ ልሔም መጡ፤ በ416 ዓ.ም. ዐመፀኞች ገዳማቱን ወርረው አቃጠሉ። ዓይኑ ቢደክምም እስከ መጨረሻው መጽሐፍ ሲተረጕም ኖሮ በ420 ዓ.ም. ዐረፈ። የተነቀፈበት ወንጌልም ቀስ በቀስ የምዕራብ አብያተ ክርስቲያናት ሁሉ መጽሐፍ ሆነ። ሄሮኒሞስ ከኬልቄዶን መለያየት 31 ዓመት ቀድሞ ያረፈ ስለሆነ፣ የአንዲቱ ቤተ ክርስቲያን መምህር ነው።

ከዚህ ሊቅ ሕይወት የምንማረው ነገር ለእኛ እንግዳ አይደለም። የትርጓሜ መምህሮቻችን ንባብ ተለያይቶ ሲያገኙ አብነት ብለው ሌላውንም ንባብ ከጎኑ አቁመው ያስተምራሉ፤ አንዱን አይሸሽጉም፣ ሌላውንም አይፍቁም። ዛሬ የጥንታውያን ብራናዎች ነገር በየስፍራው ሲነገር የሚደነግጥ ወጣት ወደ ካህኑ ቢመጣ፣ ካህኑ አታንሣው ብሎ አፉን ሊያስይዘው አይገባም። የተሸሸገ ነገር ከሌላ አፍ በሰማው ጊዜ እምነቱን ይጐዳዋልና። ይልቁንስ በትዕግሥት አስቀምጦ፣ ወንጌል በጸሐፊዎች ድካም እንደ ደረሰን፣ ሊቃውንትም ልዩነቱን ከጥንት ጀምሮ ዐውቀው እንደ ጠበቁት፣ ቤተ ክርስቲያንም የተቀበለችውን ይዛ እንደምትኖር ይንገረው። ቃሉን የሚወድ ሰው ቃሉ በእውነት የደረሰበትን መንገድ ለማወቅ አይፈራም።

አምላካችን ለመምህራን ማስተዋልን፣ ለጸሐፊዎች ጥንቃቄን፣ ለምእመናን ጽናትን ያድልልን። አሜን።