ጄምስ ዌል፦ አስፈሪ ፊልሙ የዕድሜ ገደብ ያስወጣው ዳይሬክተር

ጄምስ ዌል እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1889 በእንግሊዟ ደድሊ ከተማ ተወለደ። ቴአትርን በቅርበት ያወቀው በአንደኛው የዓለም ጦርነት በጀርመኖች ተማርኮ ሳለ በእስረኞች ሰፈር ነበር።

በ1931 በሆሊውድ ያዘጋጀው “ፍራንከንስታይን” ዝናም ውዝግብም አመጣለት። በፊልሙ ጭራቁ ከአንዲት ሕፃን ጋር ሐይቅ ዳር አበባ እየወረወረ ይጫወታል። አበባው ሲያልቅ እርሷም የምትንሳፈፍ መስሎት ወደ ውኃው ይወረውራታል።

አሜሪካ ያኔ አገር አቀፍ የፊልም ዕድሜ ደረጃ ስላልነበራት፣ የሳንሱር መፍትሔ ለልጅም ለአዋቂም መቀስ ነበር። ጭራቁ እጁን ሲዘረጋ ትዕይንቱ ተቆረጠ። ተመልካቹ ግን የቀረውን በምናቡ ሞላው፤ የየዋህ ስሕተት የነበረው ሆን ተብሎ የተፈጸመ ግፍ መሰለ።

ብሪታንያ ደግሞ ፊልሙ ባስነሣው ስጋት በ1932 ወላጆችን የሚያስጠነቅቅ የአስፈሪ ፊልም ምልክት አወጣች። በ1937 ምልክቱ ከ16 ዓመት በታች ላሉ ልጆች እገዳ ሆነ።

ዌል በ1957 አረፈ። የተቆረጠው ትዕይንት የተመለሰው እርሱ ካለፈ በኋላ፣ በ1980ዎቹ ነው። ያ ልጆች እንዳያዩት የተፈራ ፊልም ዛሬ በብሪታንያ በወላጅ ምክር ለልጆችም ተፈቅዷል።