ስድስት ተሠሩ፤ ስድስቱም አሉ

አንድ መኪና ከፋብሪካ ከወጣ በኋላ ዕድሜው ስንት ነው? አብዛኛው መኪና ጥቂት ዐሥርት ዓመታት ካገለገለ በኋላ ያረጃል፤ ከጋራዥ ጋራዥ ሲንከራተት ይቆይና በመጨረሻ ብረቱ በሚዛን ይሸጣል። ዳሩ ግን ከመቶ ዓመት በፊት ተሠርተው ዛሬም ሞተራቸው ተነሥቶ በመንገድ ላይ የሚሄዱ ብርቅ መኪናዎች አሉ። ከእነዚህም መካከል ስመ ጥር የሆኑት የኤቶሬ ቡጋቲ መኪናዎች ናቸው። የቡጋቲ ፋብሪካ በዘመኑ 8000 ያህል መኪና እንደ ሠራ ይነገራል፤ ከዚህም ውስጥ ወደ 2000 የሚጠጋው ዛሬም እንዳለ ይገመታል። ከአራቱ አንዱ ማለት ነው። ይህ እንዴት ሊሆን እንደ ቻለ ለመረዳት የሰውየውን ታሪክ ማወቅ ይገባል። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኤቶሬ ቡጋቲ ሴፕቴምበር 15 ቀን 1881 በኢጣልያ አገር በሚላኖ ከተማ ተወለደ። አባቱ ካርሎ ቡጋቲ ባማረ የቤት ዕቃ ሥራ የታወቀ ጠቢብ ሲሆን፤ ታናሽ ወንድሙ ሬምብራንት የእንስሳትን ምስል በመቅረጽ ስም ያተረፈ ነበር። ኤቶሬ ግን ልቡ ወደ ሞተር አዘነበለ። ገና ጎልማሳ ሳይሆን ሚላኖ ውስጥ ፕሪኔቲና ስቱኪ በሚባል ፋብሪካ ሥራ መማር ጀመረ፤ በ1901 በዚያው ከተማ በተደረገ ኤግዚቢሽን ላይ ራሱ ያወጣው መኪና ተሸለመለት። በሚቀጥለው ዓመት በአልሳስ የሚገኘው የዴ ዲትሪክ ፋብሪካ ሲቀጥረው፤ ዕድሜው በሕግ ለመዋዋል ስላልደረሰ ውሉን የፈረመለት አባቱ ነበር።

ቡጋቲ በሌሎች ቤት ተቀጥሮ ጥቂት ዓመታት ከሠራ በኋላ፤ በ1909 በሞልሳይም ከተማ ቀድሞ የጨርቅ ማቅለሚያ የነበረ ሕንፃ ይዞ የራሱን ፋብሪካ አቋቋመ። አልሳስ በዚያን ጊዜ በጀርመን እጅ ነበር፤ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ግን ለፈረንሳይ ተመለሰ። በዚህ ፋብሪካ ሥራ የሚለካው በብዛቱ ሳይሆን በጥራቱ ነበር። የሞተሩ ክፍሎች የሚገናኙበት ፊት በእጅ እየተፋቀ እጅግ ስለሚስተካከል፤ ብረት ከብረት ጋር ያለ መሐል ማሸጊያ ይገጥም ነበር። በ1921 በኢጣልያ በብሬሻ ከተማ በተደረገው እሽቅድምድም የቡጋቲ መኪናዎች ከአንደኛ እስከ አራተኛ ያለውን ቦታ ያዙ። በ1924 የወጣው 35 ቁጥር የተባለው ዓይነትም የቤቱን ስም በዓለም አስጠራ፤ በሲሲሊ ደሴት በሚደረገው የታርጋ ፍሎሪዮ ውድድር ከ1925 እስከ 1929 ድረስ አምስት ዓመት በተከታታይ ድሉ የቡጋቲ ሆነ።

ከዚህ በኋላ ቡጋቲ ለነገሥታትና ለመኳንንት የሚሆን፤ በዓለም ላይ ተወዳዳሪ የሌለው መኪና ለመሥራት ተነሣ። ስሙንም ሮያል አለው፤ ንጉሣዊ ማለት ነው። ርዝመቱ ከ6 ሜትር፤ ክብደቱ ከ3 ቶን ይበልጣል፤ ባለ 8 ሲሊንደር ሞተሩም 12.7 ሊትር ነበር። በራዲያተሩ ጫፍ ላይ የተተከለው ዝሆን በ1916 የሞተው ወንድሙ ሬምብራንት የቀረጸው ነው። ሐሳቡ 25 ለመሥራት ነበር። ነገር ግን በ1929 የጀመረው የገንዘብ ችግር ዓለምን ስላናወጠ፤ የተሠሩት 6 ብቻ ሲሆኑ ገዢ ያገኙት 3 ናቸው። ለነገሥታት የታሰበውን መኪና አንድም ንጉሥ አልገዛውም። ቡጋቲም ኪሣራውን ለማቃለል ያንኑ ግዙፍ ሞተር ለባቡር አዋለው፤ የሮያል ሞተር የተገጠመላቸው ፈጣን ባቡሮችም በፈረንሳይ ሐዲድ ላይ ሮጡ።

መከራ ግን ተከታትሎ መጣ። በ1936 የፋብሪካው ሠራተኞች ሥራ ማቆማቸው ቡጋቲን እጅግ ስላሳዘነው ወደ ፓሪስ ሄዶ ተቀመጠ፤ የሞልሳይምን ሥራ የሚመራው ልጁ ዣን ሆነ። ዣን የመኪናን ቅርጽ በማውጣት ከአባቱ የማያንስ ጠቢብ ነበር። ኦገስት 11 ቀን 1939 በዚያው ዓመት በለማን ያሸነፈውን መኪና ሲሞክር፤ በመንገዱ ላይ የገባ ብስክሌተኛን ለማዳን ሲል ከዛፍ ጋር ተጋጭቶ በ30 ዓመቱ ሞተ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተጀመረ፤ ፋብሪካውም በጀርመኖች እጅ ገባ። ከጦርነቱ በኋላ ቡጋቲ ንብረቱን ለማስመለስ ከባድ ሙግት ገጠመው። ወደ ሥራው ሳይመለስም ኦገስት 21 ቀን 1947 አረፈ፤ ከሞልሳይም አጠገብ በምትገኘው በዶርሊሳይምም ተቀበረ። ከእርሱ በኋላ ፋብሪካው መኪና መሥራቱን ብዙ አልገፋበትም፤ በ1963 ለሌላ ኩባንያ ተሸጠ።

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ባለቤቱ ሞቶ፤ ወራሹ ቀድሞት ሄዶ፤ ፋብሪካው ተሸጦ ሳለ መኪናዎቹ እንዴት ኖሩ? የስድስቱ ሮያሎች ዕጣ መልሱን ይሰጣል። ሳይሸጡ የቀሩትን ሦስቱን ቤተ ሰቡ በጦርነቱ ጊዜ ከፓሪስ ሰሜን በምትገኘው በኤርመኖንቪል ግንብ ሠርቶ ከኋላው ደበቃቸው። ከእነዚህ ሁለቱን በ1950 ብሪግስ ካኒንግሃም የሚባል አሜሪካዊ ገዛቸው፤ በጥቂት መቶ ዶላርና በሁለት አዲስ ማቀዝቀዣዎች እንደ ተለወጡም ይነገራል። ከሁለቱ አንዱ በ1987 ሎንዶን ውስጥ በሐራጅ 5.5 ሚሊዮን ፓውንድ አወጣ።

ጀርመናዊው ሐኪም ዮሴፍ ፉክስ የገዛው ደግሞ ከባለቤቱ ጋር አገር ለአገር ተሰዶ፤ በሻንጋይ በኩል ኒውዮርክ ደረሰ። በዚያም በክረምት ብርድ ውሃው ሞተሩ ውስጥ በረዶ ሆኖ ብረቱን ስለ ሰነጠቀው፤ በቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ ግቢ ተጣለ። ቻርልስ ቼይን የተባለ የመኪና ኢንጂነር 400 ዶላር ያህል ከፍሎ ከዚያ አወጣውና አድሶ ነዳው፤ በ1958ም ለሄንሪ ፎርድ ሙዚየም ሰጠው። ዛሬ ሁለቱ ሮያሎች በፈረንሳይ በሙሉዝ ከተማ ባለው የመኪና ሙዚየም ይገኛሉ፤ አንዱ የፎልክስዋገን ኩባንያ ነው፤ ሁለቱ በግል ባለሀብቶች እጅ ናቸው። በ1985 ስድስቱም በካሊፎርንያ በፔብል ቢች በአንድነት ታዩ።

እንግዲህ ልብ እንበል። ሮያል በተሠራ ጊዜ ለባለቤቱ ኪሣራ ነበር፤ ብዙ የተሸጡት መኪናዎች ሲጠፉ ግን ከሮያል አንድም አልጎደለም። እነዚህን መኪናዎች ያዳናቸው ዛሬ የሚጠራው ሚሊዮን አይደለም፤ ቼይን 400 ዶላሩን ሲከፍል ያየው ብልሽት እንጂ ትርፍ አልነበረም። በአንጻሩ ዣን ካወጣቸው አራት የአትላንቲክ መኪናዎች አንዷ፤ እርሱ ራሱ ይነዳት የነበረችው ጥቁሯ፤ በጦርነቱ ጊዜ ጠፍታ እስከ ዛሬ አልተገኘችም። በዚያ ግርግር የጠበቃት ሰው አልነበረም።

የቀሩትን መቁጠርም ራሱን የቻለ ሥራ ነው። አንድ መኪና ሻንሲው በአንድ አገር፤ ሞተሩ በሌላ አገር ሊገኝ ይችላል። ኤስዴር የተባለው ፈረንሳዊ የገዛው ሮያል የመጀመሪያ ካሮሴሪያው ተነሥቶ በሌላ ተተክቷል፤ መኪናው ግን ከስድስቱ አንዱ ሆኖ ይቆጠራል። ይህን ለማወቅ የሚቻለው በብረቱ ላይ የተመታው ቁጥርና የፋብሪካው መዝገብ ስላሉ ነው። በእኛም አገር በሊብሬ ላይ የሻንሲና የሞተር ቁጥር የሚጻፈው መኪናው ያው መኪና መሆኑ እንዲታወቅ ነው። በእንግሊዝ አገር በ1929 የተቋቋመው የቡጋቲ ባለቤቶች ማኅበር እስከ ዛሬ አለ፤ በፕሬስኮት ባለው የዳገት መንገዱ ላይም አሮጌ ቡጋቲዎች ዛሬም ይወዳደራሉ።

በትምህርት ቤትና በመሥሪያ ቤት ያለን ወጣቶች ከዚህ ታሪክ የምንወስደው ነገር አለ። በእጃችን ያለው ዕቃ፤ መኪና ቢሆን መጽሐፍ ወይም ማኅደር፤ ዋጋው የሚታወቀው ብዙውን ጊዜ ከእኛ በኋላ ነው። ኤቶሬ ቡጋቲ ሮያል በሚሊዮን ሲሸጥ አላየም። ያየው ያልተሸጡትን ሦስቱን ነው፤ እነርሱንም ቢሆን ቤተ ሰቡ ግንብ ሠርቶ ጠበቃቸው እንጂ አልጣላቸውም።