የሰዓት ሠሪው ልጅና የደቡብ ሰማይ ከዋክብት

መስከረም ሲጠባ የክረምቱ ጉም ከቸሃ ምድር ይነሣል። ለመስቀል በዓል ከየከተማው ወደ እምድብርና አካባቢዋ የተመለሰ ወጣት ማታ ጀፎረው ላይ ወጥቶ ሲያንጋጥጥ፣ ከእንሰቱ ቅጠል በላይ የተዘረጋውን የከዋክብት ብዛት አይቶ ይደነቃል። ይህንኑ ለማስቀረት ስልኩን ወደ ላይ ያነሣል። የሚያገኘው ግን ብዙውን ጊዜ ጥቁር ምስል ወይም የተንቀጠቀጠ የብርሃን ነጥብ ነው። ዓይን የጠገበውን ካሜራው ያጣዋል።

ከ140 ዓመታት በፊት በዚህችው አፍሪካ፣ በደቡባዊ ጫፏ፣ ከዚህ ችግር ጋር የታገለ አንድ ሰው ነበር። ዴቪድ ጊል ይባላል። በሥነ ፈለክ ታሪክ ውስጥ ስሙ ከታላላቆቹ ተርታ ቢጻፍም፣ ከዋክብትን ፎቶግራፍ ለማንሣት በተነሣ ጊዜ ግን ጀማሪ ነበር።

ጊል እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1843 በስኮትላንድ፣ በአበርዲን ከተማ ተወለደ። አባቱ የታወቀ ሰዓት ሠሪና ነጋዴ ነበር። በኮሌጅ ከስመ ጥሩው የፊዚክስ ሊቅ ከጄምስ ክላርክ ማክስዌል ዘንድ ተምሮ ልቡ ወደ ሳይንስ ቢያዘነብልም፣ የቤተሰቡን ሥራ መረከብ ግድ ሆነበት። ቀን በሱቁ የሰዓት ጥርሶችን ሲያስተካክል ውሎ፣ ሌሊት ወደ ሰማይ ይመለከት ነበር።

ከራሱ ገንዘብ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው መስታወት የተገጠመለት ቴሌስኮፕ አቆመ። በ1869 በዚሁ መሣሪያ ጨረቃን ፎቶግራፍ አነሣ። በዚያ ዘመን ፎቶግራፍ ማንሣት ቀላል አልነበረም። ብርሃን የሚቀበል መድኃኒት የተቀባው የመስታወት ሰሌዳ ሳይደርቅ ሥራው ሁሉ መጠናቀቅ ነበረበት። የጨረቃዋ ምስል ግን መልካም ሆነና የጊልን ሕይወት ለወጠች። የሥነ ፈለክ ወዳድ የነበረው ሎርድ ሊንድሴይ በዚሁ ሥራ አውቆት፣ በ1872 ደን ኤክት በተባለ ስፍራ ያቋቋመውን የከዋክብት መመልከቻ እንዲመራለት ጠየቀው። ጊልም ጥሩ ገቢ የሚያስገኘውን ሱቅ ትቶ፣ እጅግ ያነሰ ደመወዝ ወዳለው ወደሚወደው ሥራ ሄደ።

ከዚያ በኋላ ኑሮው ጉዞ ሆነ። በ1874 ቬነስ በፀሐይ ፊት ስታልፍ ለመመልከት ወደ ሞሪሺየስ ተጓዘ። በ1877 ደግሞ ማርስን በመለካት የፀሐይን ርቀት ለማወቅ ከባለቤቱ ከኢሶቤል ጋር በአትላንቲክ ውቅያኖስ መካከል ወዳለችው አሴንሽን ደሴት ሄደ። በሰፈሩበት ቦታ ደመና ሰማዩን ቢሸፍንባቸው፣ ኢሶቤልም የተካፈለችበት የጠራ ሰማይ ፍለጋ ተደርጎ መሣሪያው ሁሉ ወደ ሌላ የደሴቲቱ ክፍል ተዛወረ። ልኬቱም ተሳካ። በ1879 በኬፕ ታውን አጠገብ የሚገኘው የእንግሊዝ መንግሥት የከዋክብት መመልከቻ ኃላፊ ሆኖ ተሾመ።

በመስከረም 1875 ዓ.ም.፣ ማለትም በአውሮፓውያኑ 1882፣ አንድ ታላቅ ጅራታም ኮከብ በሰማይ ታየ። ብርሃኑ እጅግ ከመድመቁ የተነሣ በቀትር፣ ከፀሐይ አጠገብ ሳይቀር ይታይ ነበር። ከዚያም ከፀሐይ እየራቀ ሲሄድ፣ ከንጋት በፊት ረጅም ጅራቱን ዘርግቶ ይወጣ ጀመር። በኬፕ የሚኖሩ ተራ ፎቶ አንሺዎች በዕለት ሥራቸው ካሜራ የኮከቡን ምስል ማስቀረት ቻሉ። ነገር ግን ምድር ያለማቋረጥ ስለምትዞር ከዋክብት በአራት ደቂቃ አንድ ዲግሪ ያህል ይጓዛሉ። ቆሞ የሚጠብቅ ካሜራም ምስላቸውን እየጎተተ ያበላሸዋል።

ጊል ይህን ሲሰማ ሁለት ነገር ተረዳ። የኮከቡ ብርሃን ለፎቶግራፍ ይበቃል፤ የጎደለው ሰማዩን እየተከተለ የሚዞር ካሜራ ነው። ካሜራ የሚያዞር መሣሪያ ነበረው፤ የሚስማማ ካሜራና የሰሌዳ አጠባ ልምድ ግን አልነበረውም። ጅራታሙ ኮከብ ደግሞ በየቀኑ እየራቀና እየደበዘዘ ነው፤ ካመለጠ አይመለስም። የመንግሥት የሥነ ፈለክ ሹም መሆኑ ሳይከለክለው፣ በአቅራቢያው በሞውብሬይ መንደር የሰዎችን ፎቶ እያነሣ ወደሚተዳደረው ወደ አሊስ ሄዶ እርዳታ ጠየቀ።

ሁለቱ የአሊስን ካሜራ በትልቁ ቴሌስኮፕ ላይ አሰሩት። የካሜራው ሌንስ ስፋት ከ6 ሴንቲ ሜትር ብዙም አይበልጥም ነበር። ቴሌስኮፑን በሰዓት አሠራር የሚንቀሳቀስ ሞተር ከሰማዩ ጋር እኩል ያዞረዋል። ጊል ደግሞ ዓይኑን ከቴሌስኮፑ ሳይነቅል የኮከቡ ራስ ከመካከለኛው መስመር እንዳይወጣ ይቆጣጠራል። ጠብታ ውኃ ሌሊቱን ሙሉ እየተንጠባጠበ እንስራ እንደሚሞላ ሁሉ፣ ደካማው ብርሃንም በሰሌዳው ላይ በትዕግሥት ይጠራቀማል። በጥቅምትና በኅዳር ስድስት ምስሎች ተነሡ። የመጀመሪያዎቹ በግማሽ ሰዓት ገደማ ተወሰኑ፤ ረጅሙ ግን ከሁለት ሰዓት በላይ ወሰደ። የሰዓት ሠሪው ልጅ ከአባቱ ሱቅ ያገኘው ዕውቀት በዚህ ሌሊት ፍሬ አፈራ።

ሰሌዳዎቹ ታጥበው ሲወጡ ጅራታሙ ኮከብ አምሮ ታየ። ጊልን ያስደነቀው ግን ያልጠበቀው ነገር ነበር፤ ከኮከቡ በስተጀርባና በጅራቱ ውስጥ ሳይቀር እጅግ ብዙ ከዋክብት ታትመዋል። አንድ ሰው አንድ በአንድ እየተመለከተ ለመመዝገብ ዕድሜውን የሚፈጅበትን፣ ካሜራ በአንድ ሌሊት ይመዘግበዋል። ጊል የደቡቡን ሰማይ በሙሉ በዚህ መንገድ ለመመዝገብ ወሰነ።

ሥራው በ1885 ተጀመረ፤ ከለንደኑ ሮያል ሶሳይቲም የገንዘብ ድጋፍ ተገኘ። ድጋፉ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሲቋረጥ ጊል ከራሱ ደመወዝ እየከፈለ ቀጠለ። ሰሌዳዎቹን የሚለካ ሰው ሲያስፈልግም፣ በኔዘርላንድስ በግሮኒንገን ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምረው ያኮቡስ ካፕታይን በፈቃዱ ሸክሙን ተቀበለ። ካፕታይን የራሱ የከዋክብት መመልከቻ አልነበረውም። ከኬፕ በመርከብ የሚላኩለትን ሰሌዳዎች ከአሥር ዓመት በላይ ሲለካ ኖረ። በ1900 ታትሞ የተጠናቀቀው መዝገብ የ454,875 ከዋክብትን ቦታና ድምቀት ይዞ ወጣ። የጊል ምስሎች በ1887 በፓሪስ ለተጀመረው፣ የበርካታ አገሮች የጋራ ጥረት ለሆነው የሰማይ ካርታ ሥራም መነሻ ሆነዋል።

ጊል የሰርነት ማዕረግ ተቀብሎ ጡረታ ከወጣ በኋላ፣ በ1914 ለንደን ውስጥ አረፈ። የተቀበረውም በትውልድ ከተማው በአበርዲን ነው።

እምድብር ከምድር ወገብ በስተሰሜን 8 ዲግሪ ገደማ ላይ ትገኛለች። በመሆኑም ከአውሮፓ የማይታየው፣ ጊል የመዘገበው የደቡብ ሰማይ ከጥቂቱ በቀር በእርሷም ላይ ያልፋል። በግንቦት ምሽት ወደ ደቡብ የተመለከተ ሰው፣ የደቡብ መስቀል የሚባሉትን ከዋክብት ከአድማሱ ከፍ ብለው ያገኛቸዋል። ስልኩን በእጁ ከመያዝ ይልቅ ድንጋይ ላይ አስደግፎ ለጥቂት ሰከንዶች ብርሃን እንዲያጠራቅም ቢተወው፣ ጥቁር በነበረው ምስል ላይ ነጥቦች ብቅ ማለት ይጀምራሉ። ለብቻው ካልሆነለትም፣ በከተማው ፎቶ ቤት ከፍቶ የሚሠራ ባለሙያ አይጠፋም። ዴቪድ ጊልም የጀመረው የመንደሩን ፎቶ አንሺ በር በማንኳኳት ነበር።