አቶ ይድነቃቸው ተሰማ

ስፖርትና ፖለቲካ ተለያይተው መኖር ይገባቸዋልን? ጥያቄው በክርክር ላይ ሲነሣ ብዙዎቻችን ይለያዩ ብለን እንፈርዳለን። የአቶ ይድነቃቸው ተሰማን ሕይወት የተመለከተ ሰው ግን እንዲህ በቶሎ አይፈርድም።

አቶ ይድነቃቸው መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. በጅማ ተወለዱ። አባታቸው በቅኔያቸውና በጨዋታቸው ስመ ጥር የሆኑት ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው። ጠላት አገራችንን በያዘበት ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ ነጭና ጥቁር በሕግ ተለይቶ ሲኖር ገና ጐረምሳ ነበሩ። ስለዚህ የቀለም ልዩነትን ያወቁት በወሬ ሳይሆን በዓይናቸው አይተው ነው። በቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ ኳስ እየተጫወቱ አደጉ፤ በኋላም ለአገራችን እግር ኳስ ማኅበር መጽናት እጅግ ደከሙ።

በ1949 ዓ.ም. የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን በካርቱም ሲመሠረት ኢትዮጵያ፣ ግብፅ፣ ሱዳንና ደቡብ አፍሪካ ነበሩበት። ደቡብ አፍሪካ ግን ነጮችና ጥቁሮች የተቀላቀሉበት ቡድን አልልክም ስላለች ከመጀመሪያው ውድድር ወጣች። ከመሥራቾቹ አንዱ አቶ ይድነቃቸው ነበሩ። በ1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በአዲስ አበባ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ስትወስድም የድካማቸውን ፍሬ አዩ። በ1964 ዓ.ም. የኮንፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ፤ እስከ ዕለተ ሞታቸውም በዚያ ሥልጣን ቆዩ።

በዚያ ዘመን ስፖርት ከፖለቲካ ይራቅ እያሉ ለደቡብ አፍሪካ የሚከራከሩ ብዙዎች ነበሩ። ነገር ግን ፖለቲካን ወደ ሜዳ ያስገባው ተጫዋችን በቆዳው ቀለም የመረጠው መንግሥት ነው። በሩን የዘጋው እርሱ ሆኖ ሳለ፣ ይከፈት ያለውን ሰው ፖለቲከኛ ብሎ መውቀስ ፍርድ ማጣመም ነው። አቶ ይድነቃቸው ይህን ስለ ተረዱ ዕድሜያቸውን ሙሉ አልተበገሩም።

ይሁን እንጂ የዚህ ትግል ዋጋ ቀላል አልነበረም። የኒውዚላንድ የራግቢ ቡድን ደቡብ አፍሪካ ሄዶ በመጫወቱ፣ በ1968 ዓ.ም. ኢትዮጵያና ብዙ የአፍሪካ አገሮች ከሞንትሪያል ኦሎምፒክ ቀሩ። ምሩጽ ይፍጠርም በብርታቱ ዘመን ሳይሮጥ ተመለሰ፤ ሁለት ወርቅ ያገኘው ከ4 ዓመት በኋላ በሞስኮ ነው። በ1976 ዓ.ም. ደግሞ አገራችን የሶሻሊስት አገሮችን ተከትላ ከሎስ አንጀለስ ቀረች። እነዚህ ሁለት መቅረቶች በእኔ አሳብ አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ሜዳው ለሰው ልጅ ሁሉ እንዲከፈት የተከፈለ ዋጋ ነው፤ ሁለተኛው ግን የኃያላን ጠብ በሯጮቻችን ላይ የጫነው ዕዳ ነው።

አቶ ይድነቃቸው ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዐረፉ፤ የድካማቸውን ፍጻሜ አላዩም። ከ5 ዓመት በኋላ፣ በ1984 ዓ.ም.፣ ደቡብ አፍሪካ ወደ ኦሎምፒክ ተመለሰች። በባርሴሎና የ10,000 ሜትር ሩጫ የእኛዋ የበቆጂ ልጅ ደራርቱ ቱሉ ቀደመች፤ ነጭዋ ደቡብ አፍሪካዊት ኤላና ማየር ሁለተኛ ወጣች። ሁለቱ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን ሲዞሩ ዓለም አየ። በሩ ተዘግቶ የቆየው ለዚህ ነበር።

ስለዚህ እኛ የአርቦዬ ተማሪዎች በጠዋት ብርድ ስንሮጥ ይህን እናስብ። ስፖርት የመንግሥታት ጠብ መሣሪያ አይሁን፤ ነገር ግን ሰው በመልኩ ሲገፋ አይቶ ዝም አይበል።