ዳግማዊ ምኒልክና ባሕር ዛፍ

ዳግማዊ ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. አንጎለላ ተወለዱ። የዘመቻቸውና የመንግሥታቸው ታሪክ በብዙ እጅ ተጽፏል፤ ከዛፍ ጋር ያላቸው ጉዳይ ግን ለዕፀዋት ባለሙያ ከዐድዋ ቀጥሎ የሚነሣ ነው ቢባል ድፍረት አይሆንም።

ንጉሡ ከተማቸውን እንጦጦ ላይ ተከሉ፤ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑትም በእንጦጦ ማርያም ነው። ተራራው ለመከላከል ቢመችም ብርዱ ብርቱ፣ ማገዶውም ሩቅ ነበር። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላም ቤተ መንግሥቱ፣ ሠራዊቱና ሕዝቡ ጥዱንና ወይራውን ፈጁት። በዚህም የተነሣ በ1893 ዓ.ም. ገደማ ወደ አዲስ ዓለም ለመዛወር ግንባታ ተጀመረ። ከተማይቱን ያስቀራት በ1880ዎቹ መጨረሻ ከአውስትራሊያ ምድር የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። ያስመጣው ፈረንሳዊው ሞንዶን ቪዳዬ መሆኑ ይነገራል። ምኒልክ ችግኙ በርካሽ እንዲታደል አደረጉ፤ ለተከለውም መሬት የግብር ቅናሽ ሰጡ። ቢቆርጡት ከጉቶው የሚያቆጠቁጥ ዛፍ ለማገዶ ፈላጊ ከተማ ምን ያህል እንደሚመች ሕዝቡ ቶሎ ተረዳ።

ዛፉ በጋውን የሚያልፍበት መንገድ የታወቀው ንጉሡ ካረፉ ከግማሽ ምዕት ዓመት በኋላ ነው። አፈሩ ሲደርቅ ዕፀዋት አብሲሲክ አሲድ የተባለውን ሆርሞን ይሠራሉ። በሕዋስ ሽፋን ላይ ያሉ አጓጓዥ ፕሮቲኖች፣ አንዱ ከሠራው ሕዋስ ያወጣዋል፤ ሌላው የቅጠሉን ቀዳዳ ወደሚጠብቁት ሕዋሳት ያስገባዋል። ፖታሲየም ከእነዚህ ሕዋሳት ይወጣል፤ ውኃውም ይከተለዋል፤ ቀዳዳው ይዘጋል። ዝናብ ሲመለስ ኤንዛይሞች ሆርሞኑን ያፈርሱታል። ቀድሞ መልእክቱ ከሥር ብቻ በግንዱ የውኃ ቧንቧ ወደ ላይ የሚወጣ ይመስል ነበር፤ የኋለኛው ጥናት ግን ቅጠሉ ራሱ ብዙውን እንደሚሠራ አሳይቷል።

ይሁን እንጂ የባሕር ዛፍ ሥር እርጥበት እስካገኘ ድረስ ቀዳዳዎቹ ክፍት ሆነው ውኃውን ወደ አየር ይለቃሉ። ምንጮች ደረቁ የሚለው አቤቱታ የተነሣውም ከዚሁ ነው። ምኒልክ በሕመም ከአልጋ በዋሉበት ዘመን፣ በ1905 ዓ.ም. ገደማ፣ ከባሕር ዛፉ ሁለት ሦስተኛው ተነቅሎ ቅጠሉ ለሐር ትል ምግብ በሚሆን ዛፍ እንዲተካ ታዘዘ። ትእዛዙ አልተፈጸመም፤ ማገዶ የያዘውን ዛፍ ማን ይነቅላል? ንጉሠ ነገሥቱ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. አረፉ፤ ከላምበረት በላይ ባለው የየካ ተራራ ግን ሴቶች የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ በጀርባቸው አዝለው ለብዙ ዘመን ወደ ከተማ ወረዱ።