አጼ ዮሐንስ የከለከሉት ጭስ

ትምባሆን በሕግ መከልከል ከውጭ የመጣ የቅርብ ጊዜ ሐሳብ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። በአገራችን ግን ከ130 ዓመት በላይ ቀደም ብለው የከለከሉት ንጉሠ ነገሥት ነበሩ።

የሹም ተምቤን ምርጫ ልጅ ካሳ፣ አጼ ተክለ ጊዮርጊስን በ1863 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ድል አድርገው በጥር 1864 ዓ.ም. አክሱም ላይ ዮሐንስ 4ኛ ተብለው ነገሡ። በጉንደትና በጉራ የግብፅን ጦር መለሱ፤ በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ ጉባኤ የሃይማኖት አንድነትን አወጁ። ትምባሆንም የሚያዩት በዚሁ ዓይን ነበር፤ የጤና ጠንቅ ሳይሆን ኃጢአት ነው። ቅጠሉ ከመናፍቁ ከአርዮስ መቃብር በቀለ የሚል ትረካም ነበር። የዘመኑ የውጭ ተጓዦች እንደጻፉት ያጨሰ ከንፈሩን፣ ሱረት የሳበ አፍንጫውን ይቆረጥ ነበር።

ሐኪም ይህን ቅጣት ሊያሞግስ አይችልም። ንጉሡ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ከድርቡሽ ጋር ሲዋጉ ቆስለው ሞቱ፤ ክልከላውም ከእሳቸው በኋላ አልዘለቀም። እንደ እኔ እምነት ትልቁ ጉድለቱ አጫሹን እንጂ አጠገቡ የተቀመጠውን አለማየቱ ነው። በእርግጥ ያኔ ይህን የሚያውቅ አልነበረም። ጃፓናዊው ሐኪም ታኬሺ ሂራያማ፣ ራሳቸው ሳያጨሱ ባሎቻቸው የሚያጨሱ ሴቶች በሳንባ ካንሰር ይበልጥ እንደሚሞቱ ያሳዩት እ.ኤ.አ. በ1981 ነው። አየርላንድ በ2004 መጠጥ ቤቶችን ጭምር ከጭስ ነጻ ስታደርግ የብዙ አገሮች ሕዝብ አመለካከት ተለውጦ ነበር። የእኛው አዋጅ ቁጥር 1112/2011ም በሥራ ቦታ፣ በምግብ ቤትና በሕዝብ ማመላለሻ ማጨስን ይከለክላል። የሚጠብቀው የሌላውን ሰው ሳንባ ነው።

አዋጁ የማይደርስበት የራሳችን ቤት ነው። እዚህ ቡለን፣ እንግዳ ሲጋራ ወይም ጋያ ሲለኩስ ውጣ ማለት ነውር ስለሚመስል በይሉኝታ ዝም ይባላል። ጥግ ላይ የተኛው ሕፃን ግን ከአዋቂ ቶሎ ቶሎ ስለሚተነፍስ ጭሱን አብዝቶ ይስባል፤ ለሳንባ ምች፣ ለአስምና ለጆሮ ሕመም ይጋለጣል። በር መክፈት አይበቃም። ማንንም ሳያስቀይሙ ወንበሩን ከዛፍ ሥር ማውጣት፣ ቡናውንም እዚያው ማቅረብ ይቻላል። ሕፃኑ ትንፋሹ ከፈጠነ ወይም ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ ከገባ ግን ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።